ለፕሮፌሰሩ የሰጠሁት መልስ

ባሌን ይህን ነገር ሳልነግረው ቀበርኩት። ለእህቴም አልነገርኳትም። መካ ሄጄ ካዕባን ስዞር እንኳ በሆዴ አለፍኩት እንጂ በስሙ አልጠራሁትም። እስካለፈው ወር ድረስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁን የምጽፈው እንዲቀልለኝ አይደለም፤ እንድታዝኑልኝም አይደለም። ተናድጄ ነው የምጽፈው። በራሴ ተናድጄ። እዚህ ጅቡቲ ቡላኦስ ገበያ ውስጥ «ፍርድ የምታውቅ ሴት» እያሉ ሃያ ዓመት ባሞገሱኝ ሰዎችም ተናድጄ። አንዳቸው እንኳ «እስቲ አንቺስ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

በእኛ ሃይማኖት ኃጢአት ለሰው አይነገርም። አላህ የሸፈነውን አንተ አትግለጥ ይባላል። የሰው ሐቅ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ አፉ ካላለ ሶላትም ጾምም አያነሳውም። እኔ የሰው ሐቅ በላሁ። በልቼም ሃያ ዓመት ሰው ዳኘሁ።

ስሜ ዘይነባ ነው። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ገና ልጅ ሳለሁ ባሌን ተከትዬ ጅቡቲ ገባሁ። ቡላኦስ ውስጥ ምስር፣ ሽሮ፣ በርበሬና ቅመም የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ዕቃው በከባድ መኪና ከአገር ቤት ይመጣል። ሁለት ሰው ሲጣላ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ወረፋ የዘለለ፣ የሰው ደንበኛ የጠራ፣ በሰው ጥላ ላይ ዕቃውን የዘረጋ እኔ ፊት ይቆማል። ይህን የምነግራችሁ ልመካ አይደለም። ፍርድ የማያውቅ ሰው የሠራውን በደልና ፍርድ የሚያውቅ ሰው የሠራውን እኩል እንዳታዩት ብዬ ነው።

የልጅ ልጄ ነጃት ፈረንሳይ አገር የፊዚክስ ፕሮፌሰር ናት። እናቷ የሞተችው እሷ የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ሰው የማያውቀው ሃዋን ነው።

ሃዋ የሹፌር ልጅ ናት። አባቷ ከወደቡ ጭነት እየጫነ አዲስ አበባ ይመላለስ ነበር። ቤታቸው ከከተማው ዳር፣ ሃያብለ ሰፈር ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። የሙቀቱ ወራት ሲመጣ እዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማሰብ አይቻልም። ስለዚህ በጠዋት በሚኒባስ ትመጣና ከነጃት ጋር ከሱቄ ጀርባ ባለው ክፍል ትውላለች። እዚያ አየር ማቀዝቀዣ አለ፤ እኛ እዚህ «ክሊም» እንለዋለን። ከሊሴ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ እንደዚያ ነበሩ። ሁለቱም ፈረንሳይ ተልከው ሲማሩም ለረጅሙ ዕረፍት ሲመለሱ የሚገናኙት እዚያው ክፍል ነው። ወረቀት አልበቃ ሲላቸው የመጋዘኑን የብረት በር ሰሌዳ አደረጉት። በጠመኔ ይጽፋሉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ያጠፋሉ፣ ከዚያ በሩን እያዩ ዝም ይላሉ። እኔ ሥራ አይመስለኝም ነበር። ሁለት ደህና ሴቶች በር ላይ አፍጥጠው ይውላሉ ብዬ አዝን ነበር።

አንድ ቀን ሻይ ይዤላቸው ስገባ ምን እያዩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሃዋ ሳቀች።

«እማማ ዘይነባ፣ አንቺን ነው የምናጠናው።»

«እኔን?»

«አንቺን፣ ፋጡማንና አሚናን። ሦስት ባለሱቅ፣ ሦስት ጎረቤት። እያንዳንዳችሁ ከሌሎቹ ከሁለቱ ጋር ካልተቃረናችሁ አይሆንላችሁም።»

«ፋጡማ ናት ሁልጊዜ የምትጀምረው።»

«እሺ፣ እሷ ናት። ግን ያለው ወገን ሁለት ብቻ ነው እንበል፣ ላይና ታች። አንቺ ላይ ካልሽ ፋጡማ ታች ትላለች። አሚናስ ምን ትበል? ላይ ብትል ከአንቺ ጋር ገጠመች፤ ታች ብትል ከፋጡማ ጋር። መሄጃ የላትም።»

«አሚና? አሚና መሄጃ አጥታ አታውቅም!» አልኩ፤ ሁለቱም በሳቅ ወደቁ።

ከዚያ ነጃት በደንብ አስረዳችኝ። አንዳንድ ድንጋይ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ ትናንሽ ማግኔቶች አሉ። እንደኛ ሦስት ሦስት ሆነው ሲጎራበቱ ሁሉንም የሚያስማማ አቀማመጥ ያጣሉ። ድንጋዩን ከበረዶ በላይ ቢያቀዘቅዙት እንኳ አይረጉም። እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ኳንተም የሚሉት ነገር ነው አለችኝ፤ የእነሱ ሥራ የዚያን ጥልፍልፍ ውሉን ማግኘት ነው።

«ታዲያ የእያንዳንዱ ድርሻ ስንት ነው?» አልኳት።

«ድርሻ የለም እማዬ። አንዱን ለብቻው ነጥለሽ ብትጠይቂው የሚነግርሽ ነገር የለውም። ሙሉው ይታወቃል፣ ቁራጩ አይታወቅም።»

ይህን አልወደድኩትም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድርሻ ሳካፍል የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ድርሻ የሌለው ነገር አለ ስትለኝ ልጆቹ የሚቀልዱብኝ መሰለኝ።

ውሉ የተገኘበትን ቀን አይቻለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ አይቻለሁ። እኩለ ቀን ነበር፤ ጫት የጫነው መኪና ገብቶ መንገዱ ሁሉ ይጯጯሃል። ወደ መጋዘኑ ምስር ልቀዳ ስገባ ነጃት በሩ ሥር ቁጭ ብላለች፣ ተስፋ ቆርጣለች። ሃዋ ቆማለች። ድንገት እርጥቡን ጨርቅ አነሳችና የበሩን ግማሽ፣ የስንት ቀን ሥራቸውን፣ ጠርጋ አጠፋችው። ነጃት ጮኸችባት። ሃዋ አልሰማቻትም። በጠፋው ቦታ አንዲት አጭር መስመር ጻፈችና ጠመኔውን ጣለች። ነጃት መስመሯን አየች፣ ደግማ አየች፣ ተነስታ ሃዋን አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት። እኔ ምስሩን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለወራት አብረው ደከሙበት፤ ነጃት ባትኖር ያቺ መስመር መስመር ሆና ትቀር ነበር ይላሉ፤ እኔ አላውቅም። መስመሯን ማን እንደጻፋት ግን አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት ብርዱ ሲገባ፣ ብርድ ከተባለ፣ ፈረንሳይ ያስተማራቸው ፕሮፌሰር ለሁለት ሳምንት ትምህርት ሊሰጥ ወደዚህ መጣ። ቤቴ ምሳ ጠራሁት። ሽበታም፣ ትሑት፣ ላቡ የሚንጠፈጠፍ ሰው ነበር። ሥራቸው የታተመበትን መጽሔት ይዞልኝ መጣ። ከላይ ሦስት ስም አለበት። እኔ የፈረንጅ ፊደል የተማርኩት ከጆንያ ላይ ነው፤ ስም ግን አነባለሁ። መጀመሪያ ሃዋ። መሃል ፕሮፌሰሩ። መጨረሻ ነጃት።

በእኛ ሥራ ሁለት ነጋዴ ተሻርኮ በአንድ መኪና ዕቃ ሲያስመጣ ጆንያው ላይ ስማቸው በቀለም ይጻፋል። ከላይ የተጻፈው የዕቃው ባለቤት ነው። ከታች ያለው ተጠግቶ የመጣ ነው። ጆንያ ቢረጥብ፣ ቢቀደድ፣ ቀድሞ መርጦ የሚያነሳው የላይኛው ነው፤ የታችኛው የተረፈውን ይወስዳል። ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ግን አይስተውም።

ስለዚህ ያን ወረቀት እንደ ጆንያ አነበብኩት። የእኔ ልጅ ተጠግታ የመጣች ሆነች። በገዛ ቤቷ! በእኔ በር፣ በእኔ ጠመኔ፣ በእኔ ክሊም! ደሜ ፈላ። ማንንም አልጠየቅኩም። አንዲት ጥያቄ ብጠይቅ ያበቃ ነበር። ሁለት ሰው ሲጣላ «መጀመሪያ ጠይቅ» የምለው እኔ አልነበርኩም?

ልጆቹ በረዶና ለስላሳ ሊገዙ ወጡ። ፕሮፌሰሩ ያን ጊዜ በቀስታ፣ የገበያ ፈረንሳይኛዬ እንዲከተለው እየጠበቀኝ፣ ነገሩን ነገረኝ። ለዶክትሬት የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። ዋናው ሐሳብ የማን እንደሆነ ለየብቻ ቢጠይቃቸው ነጃት «የሃዋ ነው» ትላለች፣ ሃዋ «የሁለታችን ነው፣ አይለይም» ትላለች።

«እርስዎ ሲሠሩ አይተዋቸዋል» አለኝ። «ማን ነበረች?»

«ነጃት ናት» አልኩት። «ሃዋ ለክሊሙ ነው የምትመጣው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም።

ልጆቹ በረዶውን ይዘው ገቡ። በየመኖች አሠራር የተጠበሰው ዓሣ ከነቂጣው ቀርቧል። ዓይኔ ያን ጊዜም ደካማ ስለነበር ሃዋ አጠገቤ ተቀምጣ የእኔን ዓሣ እሾኹን ለቀመችልኝ፤ ነጩን ሥጋ በእኔ በኩል አደረገችው። በላሁት። አልተናነቀኝም። ያ ነው ዛሬ የሚያናድደኝ። እንዴት አልተናነቀኝም?

ነጃት ተመረጠች። ለሃዋ ፕሮፌሰሩ በትሕትና ደብዳቤ ጻፈላት። ደብዳቤውን ይዛ ሱቄ መጣች፤ ነጃት ለቪዛ ጉዳይ ወጥታ ነበር። ሃዋ አላለቀሰችም፤ ወረቀቱን ብቻ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«በቅርብ ያየ ሰው ነገረኝ ይላል» አለችኝ። «የእኔ ድርሻ ትንሽ እንደነበር በቅርብ ያየ ሰው። ከነጃት ሌላ በቅርብ ያየን ማን አለ?»

ፊቷ ቆሜያለሁ። ያየሁት እኔ ነኝ። አልጠረጠረችኝም፤ እኔ ፍርድ የማውቅ ሴት ነኛ!

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ የፊዚክሳችሁን ነገር» አልኳት።

«እጠይቃታለሁ።»

«ጠይቀሽ ምን ልታገኚ? ክብርሽን ይዘሽ ተቀመጪ።»

ክብርሽን ይዘሽ አልኳት። ክብሯን የወሰድኩት እኔ! ሄደች፤ ከዚያ ቀን በኋላ ሱቄን አልረገጠችም።

ነጃት ከሄደች በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ደወለች። ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው አንድ ነው፤ «ሃዋ ለምን አትመልስልኝም? ምን አጠፋሁ?» አንድ ቀን መልስ ሰጠኋት። «ቀንታ ይሆናል» አልኳት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። የመጀመሪያውን የተናገርኩት ተናድጄ ነው ልበል። ይህኛውስ? ይህኛውን ስናገር ማን አናደደኝ? ማንም። ተመችቶኝ ተቀምጬ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ጥቁር አዝሙድ እያበጠርኩ ተናገርኩት።

ዓመታት ሄዱ። ነጃት ዶክተር ሆነች፣ አስተማሪ ሆነች፣ ፕሮፌሰር ሆነች። የራሷ ተማሪዎች አሏት። በዚያ ተጠላልፎ በማይረጋ ድንጋይ ላይ ዕድሜዋን አሳለፈች፤ የዓለም ሰው ይጠራታል። ሃዋ አገባች፣ ወለደች፣ ጭነት አስተላላፊ ቢሮ ውስጥ የሹፌሮችን ወረቀት ታስተካክላለች ሲሉ ሰማሁ። ሹፌሮቹ «ሃዋ የነካችው ወረቀት አይመለስም» እያሉ ያመሰግኗታል። እኔ ቅመም እየመዘንኩ እሰማለሁ፤ ወሬ እቀይራለሁ። በየዓመቱ ራሴን የማጽናናበት ምክንያት ነበረኝ። ወረቀቱ ላይ ቀድማ ስሟን ያስጻፈችው እሷ ናት፤ እኔ ያካካስኩት ነው እል ነበር። ሚዛን አስተካከልኩ እል ነበር።

ባለፈው ወር ነጃት የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ጠርቷት መጣች። አዳራሹ ሞልቶ እኔን ፊት ለፊት አስቀመጡኝ። ተማሪ ልጆች ሁሉ ያዩኛል። ነጃት ስለ ድንጋዮቿ ተናገረች፤ ብዙው በፈረንሳይኛ አለፈኝ። መጨረሻ ላይ የዚያን የድሮ መጽሔት የመጀመሪያ ገጽ ግድግዳው ላይ አበራችው። ሦስቱ ስም ተደረደረ። እንዲህ አለች፤ «በእኛ ሙያ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ ስም የምንደረድረው ብዙ ጊዜ በፊደል ተራ ነው። ስለዚህ ከዚህ ገጽ ሐሳቡ የማን እንደነበር ማወቅ አትችሉም። እኔ ልንገራችሁ። የሃዋ ነበር። ጓደኛዬ ነበረች። ምን እንዳጠፋሁባት እስካሁን አላውቅም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች። «የሰውን ለሰው መስጠት ያስተማረችኝ አያቴ ናት» አለች።

አዳራሹ አጨበጨበልኝ።

በፊደል ተራ! ሃያ ዓመት የተደገፍኩት ግንብ ይህ ነበር። የሃዋ አባት ስም በፈረንጅ የመጀመሪያው ፊደል ስለሚጀምር ብቻ! ግን ተጠንቀቁ፣ በዚህ አታዝኑልኝ። የስሙ ነገር ስህተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። መልሴ ግን ስህተት አልነበረም። በሩ ላይ ማን እንደጻፈች አይቼ ነው የዋሸሁት። ወረቀቱ ላይ ነጃት ቀድማ ተጽፋ ቢሆንስ እውነቱን እናገር ነበር? አላውቅም። «አዎ» ለማለት ድፍረት የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሃያብለ ወረድኩ። ቤቷን ጠይቄ አገኘሁ። ሃዋ ደጅ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር። ወፍራለች፤ መነጽር አድርጋለች። አይታኝ ደነገጠች፣ ከዚያ ወንበር አወጣችልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ነገርኳት፤ የጠየቀኝን፣ የመለስኩለትን፣ የክሊሙን ቃል ሳይቀር። እርጥብ ልብስ በእጇ እንደያዘች ሰማችኝ።

«እኔ ነኝ ነው የምትይኝ?» አለች። «ነጃት አይደለችም?»

«እኔ ነኝ።»

«ስሟ በራዲዮ ሲጠራ እኮ ከክፍል እወጣ ነበር። ልጄን ‹ሰው አትመኚ› ብዬ ያሳደግኩት በእሷ ምክንያት ነው።» ልብሱን ጨመቀችው፤ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። «ቦታውስ ይቅር እማማ ዘይነባ። ሌላ ቦታ ይፈለግ ነበር። ጓደኛዬን ለምን?»

እንዲያው ደካማ ሆኜ፣ ፊዚክሱን እንኳ አላጣሁትም እንድትለኝ ፈልጌ፣ «አሁንም ትሠሪያለሽ? ሒሳቡን?» አልኳት።

«አልሠራም። ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ። «እሠራለሁ ብልሽ ይቀልልሽ ነበር፣ አይደል?»

«አፉ በይኝ ልጄ» አልኳት።

«አልልም። ዛሬ አልልም። ነገ እላለሁም አልልሽም። መጀመሪያ ሄደሽ ለእሷ ንገሪ። እኔ እንድነግርልሽ እንዳትጠብቂ።»

ተመልሼ ለነጃት ነገርኳት። ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር፤ በረራዋ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ምንኛ በወደድኩ። «ቀንታ ይሆናል» ያልኳት ላይ ስደርስ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። የሃዋን ቤት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አብሬያት ልሄድ ነጠላዬን ሳነሳ፣ «እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ። እኛ ድሬዎች እርስ በርስ እንደዚያ አንባባልም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «አንቺ» ስትለኝ ነው የኖረችው። ታክሲ አስቁማ ሄደች። በረራው አለፋት። በማግስቱ ስትመለስ ዓይኗ አብጧል፤ ምን እንደተባባሉ አልነገረችኝም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። አሁን በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ ደም ግፊቴ ጠይቃ ትዘጋለች።

ሰሞኑን ሁለት ሴቶች ተጣልተው ፍረጂን ብለው ሱቄ መጡ። እኔ አልፈርድም አልኳቸው፤ ለምን ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኳቸው። ተያዩ። «እማማ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ» ብለው ውሃ አመጡልኝ። አላመኑኝም። ስለዚህ ጻፍኩት። ስጽፈው ደክሟታል የሚለኝ የለም።

እናንተ ይህን ያነበባችሁ፣ «ምስኪን አሮጊት፣ ተጸጽታለች» ልትሉ ትችላላችሁ። አትበሉ። መጸጸት ለሃዋ አንድ ቀን እንኳ አይመልስላትም። «ለልጅ ልጇ አድልታ ነው» ልትሉም ትችላላችሁ። አይደለም፤ ነጃትንም ነው የዘረፍኳት። ጓደኛዋን ለሃያ ዓመት ወስጄ፣ ሳታጠፋ አጥፊ አድርጌ አሳየኋት። አንዷን በውሸት ከፍ ሳደርግ ሁለቱንም ሰበርኩ።

ሃዋ አፉ ካላለችኝ ማናችሁም አፉ አትበሉኝ። የእናንተ ሐቅ አይደለም።